አርነት የሚያወጣ ዕውቀት
(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ አዲስ ቅዳም የምትባል የአገው ምድር ከተማ አለች። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟ ራሱ እንደሚናገረውም የገበያ ልጅ ናት። ከእናንተ መካከል በመንግሥት ሥራ ምክንያት ወደ ባሕር ዳር የተመላለሰ ሁሉ በመኪና መስኮት ሳያያት አልቀረም፤ ወርዶ ያያት ግን ጥቂት ነው። እኔም ብዙ ጊዜ አልፌባት ሳለሁ፣ አንድ የቅዳሜ ቀን የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ስለ ተነፈሰ ሳልወድ ወረድሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የተጀመረው በዚያ ገበያ፣ በማር ተራ ነው።

አንድ ሸምገል ያሉ የቅኔ መምህር ማር ገዝተው ሲመለሱ፣ ማሰሮውን የተሸከመው ቆሎ ተማሪ ከአፉ ዙሪያ የፈሰሰውን በጣቱ እየጠረገ ይልስ ነበር። መምህሩ አዩት፤ ግን አልተቆጡም። «አንተ ልጅ፣ አንተም የጕድጓዱን ሰው ሆንህ?» አሉና ሣቁ። ልጁ ነገሩ ገብቶት ኖሮ አፍሮ ጣቱን ሰበሰበ። ለእኔ ግን አልገባኝምና ጠጋ ብዬ እጅ ከነሣሁ በኋላ፣ «የኔታ፣ የጕድጓዱ ሰው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አታውቀውም ልጄ? እንግዲያስ መኪናህ እስኪጠገን ቁጭ በል» አሉኝ። የነገሩኝም በአጭሩ እንዲህ ነው።

አንድ ሰው አንድ ቀንድ ካለው አስፈሪ አውሬ ሲሸሽ ከጥልቅ ጕድጓድ ይወድቃል። ሲወድቅም ከጕድጓዱ ግድግዳ የበቀለች ዛፍ ይይዝና ይንጠለጠላል፤ እግሩን የሚያሳርፍባት ትንሽ እርከንም ያገኛል። ተረፍሁ ብሎ ወደ ታች ቢመለከት ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። እግሩ ካረፈበት አጠገብ የአራት እባቦች ራስ ብቅ ብሏል። የዛፏን ሥር ቢያይ፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር የሆኑ ሁለት አይጦች ሳያቋርጡ ይቈረጥሙታል፤ ሊበጠስ ጥቂት ቀርቶታል። በዚህ ጊዜ ቀና ቢል ከቅርንጫፉ ማር ጠብ ጠብ ሲል ያያል። ሰውየውም አውሬውንም፣ ዘንዶውንም፣ አይጦቹንም ረስቶ አፉን ወደ ማሩ ከፈተ። አውሬው ሞት ነው፤ ጕድጓዱ ዓለም፣ ዛፏ ዕድሜ፣ ነጩና ጥቁሩ አይጥ ቀንና ሌሊት፣ እባቦቹ ሥጋችን የቆመባቸው አራቱ ባሕርያት፣ ዘንዶው ሲኦል ነው። ማሩ ምን እንደ ሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልግም።

እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሰው ያላወቀው ነገር የለም። ዘንዶውን በዐይኑ አይቷል፤ አይጦቹንም ቈጥሯል። የጎደለው ወሬ አይደለም፤ ወሬውማ ሞልቶታል። ታዲያ ያወቀው ነገር ስለ ምን አላዳነውም? የሚያድን ዕውቀትና የማያድን ዕውቀት የሚባል ነገር አለ ማለት ነውን? ይህ ጥያቄ የሕንድን ፈላስፎች ከሁለት ሺሕ ዓመታት በላይ ያከራከረ ጥያቄ ነው። ወደ እኛም አገር የገባው ዛሬ በውጭ አገር ትምህርት ቤት ሳይሆን በአራት መቶ ሰባ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በግዕዝ ቋንቋ፣ በብራና ላይ ነው።

የኔታ ምሳሌውን ያገኙት በረላም ወይዋስፍ ከሚባለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1553 ዓ.ም. በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው)። ተርጓሚው የደብረ ሊባኖስ 11ኛው ዕጨጌ አባ እንባቆም ናቸው።

ዘመኑን አስቡት። ከ1529 የሽምብራ ኵሬ ጦርነት ጀምሮ አገሪቱ ከዳር እስከ ዳር ነድዳ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍቶቻቸው ተቃጥለዋል፤ ደብረ ሊባኖስም ከተቃጠሉት አንዱ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ኢማም አሕመድ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ወጣቱ ንጉሥ ገላውዴዎስ የተቃጠለውን ይሠራ፣ የተበተነውን ይሰበስብ ጀመር። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ጥፋት በኋላ፣ ዐሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ አገሩ ገና ጠባሳው ሳይሽር፣ በዚህ ንጉሥ ዘመን የተተረጐመው መጽሐፍ ምን የሚል ነው? መንግሥቱን ጥሎ በረሓ ስለ ወረደ የንጉሥ ልጅ የሚናገር ነው! ገላውዴዎስ ራሱ በረሓ አልወረደም፤ በ1559 በጦር ሜዳ ወደቀ። ነገር ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእንዲህ ያለ ቤተ መንግሥት ዘመን መተርጐሙ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እርግጥ ነው፣ ዙፋኑን ትቶ የመነነ ንጉሥ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ የአክሱሙ ዐፄ ካሌብ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነነ የሚለውን ትውፊት የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለምና።

ተርጓሚውም ራሳቸው አንድ ታሪክ ናቸው። አባ እንባቆም የተወለዱት በየመን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ብዙ መርምረውና ጠይቀው በደብረ ሊባኖስ ክርስትናን ተቀበሉ፤ መነኰሱም። የውጭ አገር ሰው ሆነው ሳሉ እስከ ዕጨጌነት ደረሱ። ጦርነቱ በበረታበት በ1540 አንቀጸ አሚን የተባለውን ድርሰት ለኢማም አሕመድ የጻፉ እሳቸው ናቸው፤ ሌላው በጦር ሲዋጋ እሳቸው በብርዕ ተከራከሩ ማለት ነው። ዐረብኛ የእናት ቋንቋቸው ስለ ነበረ የዐረቡን መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ለመመለስ ከእሳቸው የሚሻል ሰው አልነበረም። አገሩንና ወገኑን ለዕውቀት ሲል የተወ ሰው፣ ቤተ መንግሥቱን ለዕውቀት ሲል የተወውን ልጅ ታሪክ ተረጐመ።

የመጽሐፉ ታሪክ ይህ ነው። መነኰሳትን የሚያሳድድ አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ይወለድለታል። ጠቢባን ተሰብስበው ስለ ልጁ ዕድል ሲናገሩ፣ አንዱ «ይህ ልጅ የሚነግሠው በሌላ መንግሥት ነው» ይላል። ንጉሡ ደንግጦ ለብቻው አዳራሽ ይሠራለታል፤ በዙሪያው ወጣቶችና መልከ መልካሞች ብቻ እንዲሆኑ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ እርጅናና ስለ ሞት አንድም ቃል እንዳይነገር ያዝዛል። ልጁ ግን አድጎ ለመውጣት ይለምናል፤ ይወጣልም፤ በመንገድ ዕውርና ሕመምተኛ ያያል፤ ሌላ ቀን ደግሞ የጐበጠ ሽማግሌ ያያል። «ይህ ነገር ለሁሉ ነው ወይስ ለነዚህ ብቻ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በሰማ ጊዜ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ በኋላ በረላም የተባለ መናኝ ነጋዴ መስሎ ይመጣል፤ «የዕውራንን ዐይን የሚያበራ ዕንቍ ይዣለሁ» ብሎ ይገባና በምሳሌ ያስተምረዋል። የጕድጓዱ ሰው ከእነዚህ ምሳሌዎች አንዱ ነው። ዕንቍውም በሣጥን የመጣ ድንጋይ አልነበረም።

ከናንተ መካከል ስለ ሩቅ ምሥራቅ ያነበበ ሰው እስካሁን ጠርጥሮ ይሆናል። አዎን፤ ይህ ልጅ ቡድሃ ነው። (ስሙን «ቡድሃ» ብለን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ሃ»ውን ከተውነው በአገራችን ሌላ ነገር ይሆንብናል።)

የስሙ ጕዞ ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። በሬዲዮ ስናገረው ስሞቹ ለጆሮ ሳያስቸግሩ አልቀሩምና በጽሑፍ ማየቱ ይሻላል። በሕንድ ቋንቋ ለመንቃት የሚተጋ ሰው ቦዲሳትቫ ይባላል። ታሪኩ በማዕከላዊ እስያና በፋርስ አልፎ በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ ባግዳድ ሲደርስ በዐረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት ግን «ብ»ንና «ይ»ን የሚለያያቸው የነጥብ ቍጥር ብቻ ነው፤ አንድ ነጥብ የነበረው ሁለት ሲደረግ ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆኖ ቀረ። ከዐረብኛ ወደ ጆርጂያ ቋንቋ ተላለፈ፤ ጆርጂያውያንም ክርስቲያን አደረጉት። ከዚያ በአቶስ ተራራ ይኖር የነበረ፣ በ1028 የሞተ ኤውቲሞስ የሚባል ጆርጂያዊ መነኵሴ ወደ ጽርእ መለሰው፤ ዮአሳፍም ተባለ። ከጽርእ እንደ ገና ወደ ክርስቲያን ዐረቦች፣ ከክርስቲያን ዐረቦች ወደ አባ እንባቆም መጣ፤ ይዋስፍም ሆነ። በዚህ መካከል አይሁድም በዕብራይስጥ ተርጕመውታል። እንግዲህ አንድ ታሪክ የየሃይማኖቱ ሰው ሁሉ የኔ ነው እያለ አንዱ ከሌላው እጅ የተቀበለው ነው፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን በቅዱሳን ዝርዝር አግብታ በኖቬምበር 27 ቀን ታስባቸው ነበር። ፖርቱጋላዊው የታሪክ ጸሓፊ ዲዮጎ ዶ ኩቶ መመሳሰሉን አስተውሎ በ1612 በታተመ መጽሐፉ ጠቅሶታል፤ ነገሩ በማስረጃ የተረጋገጠው ግን በ1859 በፈረንሳዊው ላቡላይና በ1860 በጀርመናዊው ፌሊክስ ሊብሬክት ነው። የግዕዙን ቅጂ ከእንግሊዝኛ ትርጕም ጋራ በ1923 ያሳተመው ደግሞ የእንግሊዙ ሊቅ ባጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንምጣ። ያ ልጅ ያወቀው ነገር ምንድር ነው?

ቡድሃ ስም አይደለም፤ ማዕርግ ነው፤ ትርጕሙም «የነቃ» ማለት ነው። የሰውየው ስም ሲድሃርታ፣ የወገኑ ስም ጎታማ ሲሆን፣ የተወለደው ዛሬ በኔፓል ግዛት በምትገኘው በሉምቢኒ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ነው። እንደ ደቀ መዛሙርቱ ትውፊት በ29 ዓመቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። በመጀመሪያ ሁለት ታላላቅ መምህራን ዘንድ ሄደ። ሁለቱም የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሩት፤ ፈጥኖም ስለ ደረሰባቸው አንደኛው ከጎኑ ሆኖ እንዲያስተምር ጠየቀው፤ ሁለተኛው ወንበሩን ራሱን ሊለቅለት ፈቀደ። እሱ ግን «ይህ ትምህርት መልካም ነው፤ ከመከራ ግን አያወጣም» ብሎ ሁለቱንም ተሰናበተ። ማዕርግ የሰጠው ዕውቀት ሁሉ አርነት እንደማይሰጥ የተረዳው እዚያ ነው። ከዚያም ሥጋውን በጾም እስኪሞት ድረስ ቀጣ፤ ይህም አላወጣውም። በ35 ዓመቱ በቦድ ጋያ፣ የኛ ዋርካ ዘመድ በሆነች ዛፍ ሥር ተቀምጦ በአንዲት ሌሊት ነቃ ይባላል።

በነቃ ጊዜ ያገኘውን በቫራናሲ አጠገብ በሳርናት ለአምስት ባልንጀሮቹ ነገራቸው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ አራት እውነቶች ናቸው። መከራ አለ። መከራው ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ጥማት ነው። ጥማቱ ሲቆም መከራው ይቆማል። ወደዚያም የሚያደርስ መንገድ አለ። ይህን ያህሉን የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የሚቀጥለው ነው። ቡድሃ ለእያንዳንዱ እውነት አንድ ሥራ አያይዞለታል። መከራው ተመርምሮ ሊታወቅ ይገባዋል፤ ጥማቱ ሊተው ይገባዋል፤ የመከራው ማብቃት በገዛ እጅ ሊጨበጥ ይገባዋል፤ መንገዱ ሊሄዱበት ይገባል። ሦስተኛም ደረጃ አለ፤ «ታውቋል፣ ተትቷል፣ ተጨብጧል፣ ተሄዷል» የሚለው ነው። አራቱ በሦስት ሲባዙ ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ። ቡድሃም ዐሥራ ሁለቱ ሁሉ እስኪፈጸሙ ድረስ ነቅቻለሁ እንዳላለ ይነገራል።

ጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። አንድ ደብዳቤ ገቢ ሆኖ፣ ቍጥር ተሰጥቶት፣ በመዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ ገብቶ ሊቀመጥ ይችላል። ቢጠየቅ ቍጥሩም ቀኑም ይገኛል። ነገር ግን ውሳኔው ያልተፈጸመ ከሆነ ባለጕዳዩ ገና በር ላይ ቆሞ ነው። እኛ ሁላችን ሞት እንዳለ እናውቃለን፤ ገቢ አድርገነዋል፤ ቍጥር ሰጥተነዋል። ያ ልጅ በመንገድ ሽማግሌውን ባየ ጊዜ ያገኘው ከኛ ፋይል የበለጠ ወሬ አይደለም። ልዩነቱ እሱ ፋይሉን መዝጋት አለመቻሉ ነው።

ከዚህም የተነሣ በዚህ ፍልስፍና የመከራ ሁሉ ሥር አቪድያ ይባላል፤ አለማወቅ ማለት ነው። ይህ አለማወቅ ግን የትምህርት ማነስ አይደለም። የሚያልፈውን የማያልፍ አድርጎ፣ የኔ ያልሆነውን የኔ አድርጎ ማየት ነው፤ ሊቅም መሐይምም እኩል ይይዘዋል። ይህን የሚያስወግደውን ዕውቀት ፕራጅና ይሉታል። ደቀ መዛሙርቱም በሦስት ከፍለውታል፤ አንዱ በመስማት የሚገኝ፣ ሁለተኛው በማሰብ የሚገኝ፣ ሦስተኛው ልብን በማለማመድ የሚገኝ። አርነት የሚያወጣው ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱ ግን መሰላሉ ናቸው። በጎጃም የቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን አከፋፈል ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የሰውን ቅኔ መቀጸል፣ ሰሙንና ወርቁን መፍታት፣ በራስ ልብ መቀኘት ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና፤ የመጀመሪያውን አሳምሮ ሦስተኛውን ሳያገኝ ያረጀ ብዙ ነው።

ሦስተኛው የሚመጣው በድንገት ነው ወይስ በደረጃ? በዚህ የተነሣ ክርክር በቲቤት ታሪክ ስመ ጥር ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በንጉሥ ትሪሶንግ ዴትሰን ዘመን፣ በሳምዬ ገዳም የሕንዱ ሊቅ ካማላሺላና የቻይናው መነኵሴ ሞሄያን ተከራከሩ ይባላል። ቻይናዊው «ሐሳብን ሁሉ ተዉ፤ ያን ጊዜ ታያላችሁ» አለ። ሕንዳዊው «ሳይሰሙና ሳያስቡ ማየት የለም» አለ። የቲቤት ትውፊት የረታው ሕንዳዊው ነው ይላል። እኔም ዳኛ ብሆን ከእሱ ጋራ በፈረድሁ፤ መምህር የሌለው ብርሃን ብዙ ጊዜ የገዛ ትዕቢታችን መብራት ነው።

ትምህርትን ለክብር ብቻ ስለሚፈልግ ሰው ቡድሃ የተናገረው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ ይወደደኛል። እባብ ለመያዝ የወጣ ሰው እባቡን በጅራቱ ቢይዘው ተመልሶ ይነድፈዋል፤ የተነደፈውም እባቡ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን አያያዙ ስለ ተበላሸ ነው። በባላ በትር አንገቱን ተጭኖ የያዘው ግን አይጐዳም። በጉባኤ ለመርታትና ሌላውን ለመንቀፍ የሚማር ሰው እባቡን በጅራቱ የያዘ ነው ማለቱ ነው። ትክክለኛውን ትምህርት እንኳ እንደ ጀልባ ቈጥሮታል። ወንዝ ያሻገረንን ታንኳ ውለታው አይረሳም ብለን በራሳችን ተሸክመን ተራራ ብንወጣ ማን ያመሰግነናል?

ከነዚህ ምሳሌዎች ለአዲስ ቅዳም ሰው በጣም የሚቀርበው ደግሞ የእሳቱ ነው። ቫቻጎታ የሚባል ጠያቂ፣ «አርነት የወጣ ሰው ሲሞት ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ቡድሃን ጠየቀው። ቡድሃም መልሶ፣ «በፊትህ የሚነድ እሳት ቢጠፋ፣ ወደ ምሥራቅ ሄደ ወይስ ወደ ምዕራብ ብለህ ትጠይቃለህን?» አለው። እሳቱ የነደደው በማገዶው ነው፤ ማገዶው ሲያልቅ ጠፋ፤ ወዴት ሄደ የሚለው ጥያቄ ራሱ አይገጥምም። ኒርቫና የሚለው ቃል መነሻ ትርጕሙም ይኸው የእሳት መጥፋት ነው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ ከሰል በማክሰል የታወቀ ስለ ሆነ፣ እሳት በእንጨትና በትንፋሽ እንደሚኖር፣ አፈር አልብሰው ትንፋሽ ሲከለክሉትም እንደሚከስም ከማንም ይልቅ ያውቃል። አለማወቅ ለጥማት ማገዶ ነው፤ ማወቅ ደግሞ እሳቱን ከመደብደብ ይልቅ ማገዶውን ማንሣት ነው።

ይህ ሁሉ ትምህርት ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ለመድረስ ዕድል አልነበረውም ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ነበረው። በ1940 በደብረ ዳሞ ከመቶ የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። ከነዚህ ነገሥታት አንዱ የሆነው ካኒሽካ የቡድሃ እምነት ታላቅ ደጋፊ ነበረ፤ የቡድሃንም መልክ በገንዘብ ላይ ያስቀረጸ ንጉሥ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የሶቆጥራ ዋሻ ነው። በዚያች ደሴት ሆቅ በሚባል ዋሻ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ በተደረገ ምርመራ ወደ 250 የሚጠጉ ጽሕፈቶችና ሥዕሎች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ የሕንድ መርከበኞች ስማቸውን የጻፉባቸው ናቸው፤ ከሥዕሎቹም የቡድሃ ተከታዮች የሚያከብሩት ስቱፓ የሚባለው ሐውልት ይገኝበታል። በዚያው ዋሻ ውስጥ የአክሱም ዘመን ኢትዮጵያውያን የጻፉትም አለ። እንግዲህ በአንድ ዋሻ፣ በአንድ ዐይነት ጨለማ፣ በችቦ ብርሃን፣ የአክሱም ሰውና የሕንድ ሰው ስማቸውን ትተው ሄደዋል። ወርቁ መጣ፤ ቅመሙ መጣ፤ ዕውቀቱ ግን በዚያ መንገድ አልመጣም። እሱ የመጣው ከሺሕ ዓመት በኋላ፣ ስሙን ለውጦ፣ የመነኵሴ ቀሚስ ለብሶ ነው።

ቀሚሱ ግን ልብስ ብቻ አልነበረምና እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። አባ እንባቆም የቡድሃን ፍልስፍና አስገቡልን የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በቡድሃ ትምህርት የሚያድን ፈጣሪ የለም፤ ማየቱ ራሱ ያወጣል። በግዕዙ መጽሐፍ ግን ማየቱ ዐይን ይገልጣል እንጂ አያድንም፤ ይዋስፍ የሚድነው ተጠምቆ ነው፤ የሚያድነውም እግዚአብሔር ነው። ቡድሃ «እኔ የምለው ራሱ የሚጸና ነገር አይደለም» ብሎ ያስተማረው፣ የፍልስፍናው እምብርት የሆነው ትምህርት፣ በመንገድ ላይ ጠብ ብሎ ቀርቷል፤ በግዕዙ ነፍስ ጸንታ የምትኖር ናት። የጕድጓዱ ምሳሌ ራሱ እንኳ የቡድሃ ተከታዮች ብቻ ገንዘብ አይደለም፤ በማሃባራታም በጃይናዎችም ዘንድ ይገኛል፤ የሩስያው ቶልስቶይም በኑዛዜው ውስጥ ስለ ራሱ ተርኮበታል። ስለዚህ ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ናቸው ማለት ሁለቱንም መበደል ነው። ከዚህ ሁሉ አጥር ዘልሎ የደረሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ሞት መስማትና ሞትን ማየት እንደማይተካከሉ ነው። ያን የተሸከመው ሐተታ አይደለም፤ ሽማግሌውን ያየ ልጅ፣ ዕንቍ ይዣለሁ ያለ ነጋዴና ማር የሚልስ ሰው ናቸው። ፍልስፍናው በጕምሩክ በር ሲያዝ ተረቱ አለፈ ብንል ያስኬዳል።

የመኪናው ጎማ ሊታሰር ጥቂት ሲቀረው፣ ይህን ከመጻሕፍት የቃረምሁትን ነገር ለየኔታ በትሕትና አቀረብሁላቸው። «የኔታ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ብዙ ደክመው ታሪኩ ከሕንድ የመጣ መሆኑን በ1860 አረጋገጡ» አልኋቸው።

የኔታም ትክ ብለው አዩኝና፣ «መጽሐፉ ራሱ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው ይላል እኮ ልጄ፤ እነሱ አላነበቡትም ነበር?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ ተሳፋሪው ይጮኻል። ልሰናበታቸው ጐንበስ ስል ግን አንድ ነገር ከነከነኝና፣ «የኔታ፣ ያ ሰው በመጨረሻ ከጕድጓዱ ወጣ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱን መጽሐፉ አይናገርም» አሉ። ከዚያ ወደ ተማሪያቸው ዘወር አሉ። ልጁ ማሰሮውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ክዳኑን በአገጩ ተጭኖ ቆሟል። «ና እንሂድ» አሉት፤ ሁለቱም በገበያው መካከል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ አዘገሙ።